ከአሥር ሁለት

ኮፐንሃገን፣ ፌብሩዋሪ 3

ወንድም ዓለም ኤስኪል፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ አጸፋውን ግን እንዳትልክልኝ። «እኔ ደህና ነኝ» ብለህ የጀመርከው ያለፈው ደብዳቤህ ገና ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከእንግዲህ ይህን ቃል ከአንተ አልቀበልም።

ማን ነገረሽ ብለሃል። ሚስትህ ናት። ጉንቨር በሠላሳ ዓመት ትዳራችሁ ለእኔ የጻፈችው አራት ደብዳቤ ነው። ሦስቱ መርዶ ነበሩ፤ ስለዚህ አራተኛውን የከፈትኩት ወንበር ይዤ ነው። ከኖቬምበር ጀምሮ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለህ ነው የምታድረው። ቀኝ እጅህን አናትህ ላይ ጭነህ ትውላለህ፤ ምሳ ላይም፣ ቤተ ክርስቲያንም። «እጁን ለፖሊስ የሰጠ ሌባ ይመስላል፤ ምን እንደሰረቀ ግን አይነግረኝም» ትላለች።

እኔ ልንገራት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ጣሪያ ላይ ተንጠልጥለህ ሸምበቆ ስትከድን፣ በአንገትህ አጥንቶች መሃል ካሉት ትራሶች አንዱ ሾልኮ ወጥቶ ወደ ክንድህ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። እጅ አናት ላይ ሲወጣ ነርቩ ፋታ ያገኛል፤ ለዚህ ነው። ይህን ከመጽሐፍ ነው ያገኘሁት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለሰው መጽሐፍ ስፈልግ ኖሬ፣ ጡረታ በወጣሁ ማግስት ለገዛ ወንድሜ በሽታ ፈላጊ ሆንኩ።

የሰፈርህ ሐኪም «እስቲ እንጠብቅ» ብሏል። የስፔሻሊስቱ ወረፋ አርባ ሳምንት ነው። አርባ ሳምንት! በዚህ ጊዜ ሰው ይጸነሳል፣ ይወለዳል፣ ስም ይወጣለታል። እኔ መጠበቅ ስለማልችል ሰው የሚፈልጉ የሕክምና ጥናቶች የተመዘገቡበትን ዝርዝር ከፈትኩ። «የአንገት ነርቭ» ብዬ ስፈልግ አሥራ አንድ ጥናት መጣ። አምስቱ ተዘግተዋል፤ ሦስቱ ገና አልጀመሩም፤ አንዱ ከአርባ ዓመት በታች የሆኑ ሴቶችን ይፈልጋል፤ አንዱ ያለው አውስትራሊያ ነው። የቀረው አንዱ፣ ከአንተ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል በማይሞላ መንገድ፣ ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ግማሾቹ ታማሚዎች በቀዶ ሕክምና ይታከማሉ፤ ግማሾቹ ስድስት ወር በባለሙያ የሚመራ የአንገት እንቅስቃሴ ይሠራሉ፤ ከዚያ ማን የተሻለ እንደዳነ ይታያል። ማን የት እንደሚገባ ኮምፒዩተር ነው ዕጣ የሚያወጣው። የትኛውም ቢደርስህ ግን በሦስት ሳምንት ውስጥ ኤምአርአይ ተነስተህ ስፔሻሊስት ያይሃል። ለእኔ ዋናው ይህ ነው። ዕድሜህ ይፈቅዳል። ሕመሙም ሦስት ወር አልፎታል።

ቅጹን አያይዣለሁ። የምትፈርምበት ቦታ በእርሳስ ተሰምሮበታል። ሙላው።

እህትህ ቦዲል


ስታዲል፣ ፌብሩዋሪ 15

እህቴ ቦዲል፣

ሰላም ብያለሁ። እንዴት እንደሆንኩ በትእዛዝሽ መሠረት አልጽፍም።

አዎ፣ አሥራ አራቱንም ገጽ አንብቤዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ። «ተሳታፊው በማንኛውም ጊዜ፣ ምክንያት ሳይሰጥ፣ ከጥናቱ መውጣት ይችላል» ይላል። ከጋብቻ ወረቀታችን ይሻላል ብዬ ለጉንቨር ነገርኳት። አልሳቀችም።

ቢላዋውን ፈርተህ ነው ወይ ትይኝ ይሆናል፦ ፈርቼ ሳይሆን አሠራሩ ነው ያልገባኝ። ከኋላ የታመመ አንገት በጉሮሮ በኩል ነው የሚከፈተው ይላል። በእኛ ሙያ በጓሮ በኩል የሚያፈስን ጣሪያ በፊት ለፊት የሚከፍት ሰው ሁለተኛ አይጠራም። ቢሆንም ፈርሜያለሁ።

ለምን እንዲህ ቶሎ ፈረምክ ብለሽ እንዳትጠራጠሪ ምክንያቱን ልንገርሽ። በሜይ የቄሱ ቤት ጣሪያ ይነሳል። ያ ጣሪያ በሃያ ሰባት ዓመቴ፣ በራሴ ስም ተዋውዬ መጀመሪያ የከደንኩት ነው። ሸምበቆ ሠላሳ ዓመት ይኖራል፤ ከዚያ በኋላ የሚያፈርሰው ሌላ ሰው ነው፤ ከዳኙ ወይ ሞቷል ወይ ወገቡ ሄዷል። የራሱን ጣሪያ ራሱ አንስቶ ራሱ የሚከድን ሰው በዚህ ወረዳ እስካሁን አልነበረም። እኔ መሆን እፈልጋለሁ። ለዚህ ደግሞ ሁለት እጅ ያስፈልጋል።

ነርሷ ዓርብ ትደውላለች። ስልክ በትከሻዬ ደግፌ ማውራት ስላቆምኩ ጉንቨር ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥልኛለች።

ኤስኪል


ኮፐንሃገን፣ ማርች 6

ኤስኪል፣

ሰላምታ የለም። ሰላምታ ለሚገባው ነው።

«አልተቀበሉኝም። መስፈርቱን አላሟላሁም። አየሩ መልካም ነው» ብለህ የላክህልኝ ፖስት ካርድ ደርሶኛል። አላፍርም፣ ደሜ ፈላ። ይህን ሰው ያልተቀበለ ጥናት ማንን ሊቀበል ነው ብዬ ለጤና ሚኒስትሩ ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር። ፖስታውን ሳሽግ የጉንቨር አምስተኛ ደብዳቤ ደረሰ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ስለነበር የተባባላችሁትን ቃል በቃል ጽፋልኛለች። ረስተኸው ከሆነ እነሆ፦

«ዜሮ ማለት ምንም ሕመም የለም፤ አሥር ማለት ሊያስቡት ከሚችሉት ሁሉ የከፋው ሕመም ነው። ክንድዎ ከአሥር ስንት ያምዎታል?»

«እህ... ሁለት እንበለው።»

«ሁለት?»

«ከበዛ አንድ ተኩል ያድርጉት።»

አንድ ተኩል! ሰውየው ይከራከራል እንዴ? ገበያ ነው? ዝቅተኛው አራት እንደሆነ ገጽ ስድስት ላይ በወፍራም ፊደል ተጽፏል፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት ያልከው ገጽ ነው! አልጋው ላይ ጋደም ማለት ያቃተው ሰው ሁለት ካለ፣ እኔ ትንኝ ስትነክሰኝ ስንት ልበል?

በእናንተ የባሕር ዳርቻ «ክፉ አይደለም» ማለት ሠርግ ነው፤ «ትንሽ» ማለት አምቡላንስ ይጠራልኝ ማለት ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ እዚያው ነው የተወለድኩት። ከተማ የተወለደች ነርስ ግን የእናንተን መዝገበ ቃላት ይዛ አትደውልም። ሁለት አልካት፣ ሁለት ጻፈች፣ ሁለት ከአራት ያንሳል፣ ዘጋችው። እሷን ምን ልበላት? አንተን ግን የምልህ ሞልቷል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ነገር የአባባን ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ያ ሰው ያወረሰን አንድ ነገር ዝምታ ነው፤ አንተ የእኔንም ድርሻ ወስደሃል። በእሱ ቤት «አመመኝ» ያለ ልጅ ከራት በኋላ ዕቃ ያጥብ ነበር። አሁን ገብቶኛል፤ ማሳደግ ሳይሆን ሸምበቆ ማድረቅ ነበር የያዘው።

ለምን? ለምን ሁለት?

ቦዲል


ስታዲል፣ ማርች 14

እህቴ ቦዲል፣

ለምን ሁለት እንዳልኩ በትልልቅ ፊደል ስለጠየቅሽ እመልሳለሁ።

አሥር ማለት ሊያስቡት ከሚችሉት የከፋው ነው አለችኝ። እሺ ብዬ አሰብኩ። አባባን አሰብኩት። የጀልባው ገመድ ሁለት ጣቱን የወሰደበት ቀን ጓንቱን ሳያወልቅ ቤት ገብቶ «ራቱ ቀዘቀዘ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ያ ስንት ነው? ስድስት ይሁን። ከዚያ በላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ደግሞ ለማላውቃቸው ሰዎች መተው አለብኝ፤ ጦርነት ውስጥ ያሉ አሉ፣ የሚወልዱ አሉ። እንግዲህ እኔ ቤቴ ሞቆ፣ ጉልበቴ ላይ ብርድ ልብስ ተደርጎልኝ፣ እህቴ ከዋና ከተማ እየተቆጣችልኝ፣ ስንት ነበር ማለት ያለብኝ? ሁለትም ድፍረት መስሎኝ ነበር።

ደግሞ ዓርብ ከሰዓት ነበር። ልጅቷ ትሕትናዋ ደስ ይላል። ቅዳሜና እሑዷን ላበላሽባት አልፈለግሁም።

ስለ እጅ ጽሕፈቴ መንጋደድ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፦ ጠረጴዛው ነው። አንድ እግሩ አጥሯል።

ስለ አባባ የጻፍሽውን ጉንቨር እንዳታየው መሳቢያ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን በእኛ ዳርቻ ትርጉም ውሰጂው።

ሌላ ወሬ የለም። ሰኞ ዕለት መደቆሻው፣ የሸምበቆውን ጫፍ የምንመታበት ሳንቃ ማለቴ ነው፣ ከእጄ አምልጦ ከጣሪያ ወረደ። ማንንም አልነካም።

ኤስኪል


ኮፐንሃገን፣ ማርች 20

ወንድሜ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ። ስለ አባባ በጻፍኩት ሳይሆን በጻፍኩበት ቀን ነው የምጸጸተው፤ ፖስታ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው የልደቱ ቀን መሆኑ ትዝ ያለኝ።

ይቅርታው እዚህ ላይ አበቃ።

ለጥናቱ ኃላፊዎች ጻፍኩላቸው። ሰውየው ሁለት ሲል ሰባት ማለቱ ነው፣ በዚያ አገር ልማድ ነው፣ ሚስቱን ጠይቁ አልኳቸው። በጨዋ ደንብ መለሱልኝ፦ «ፍትሐዊ እንዲሆን ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ቃል ይጠየቃል።» ፍትሕ ማለት ይህ ከሆነ፣ ለረጅሙም ለአጭሩም አንድ ልክ ሱሪ መስፋት ፍትሕ ነው! አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ቀላል ነው፤ በቀቀንም ይችላል። የሚመጣውን መልስ መስማት ነው ሥራው። ይህን ጽፌ ላክሁላቸው። በቀቀኑን ግን አወጣሁት፤ አሁን ቆጨኝ።

ሆኖም አንድ ነገር አገኘሁ። ከአራት ሳምንት በኋላ እንደገና ማመልከት ይቻላል፤ ይህ ራሳቸው ያወጡት ሕግ ነው። ኤፕሪል 7 ጠዋት ቀጠሮ ይዤልሃለሁ፤ በስልክ አይደለም፣ በአካል። ጉንቨር አብራህ ትገባለች። ትገባለች ስል ኮሪደር ላይ ትቀመጣለች ማለቴ አይደለም።

ያ ጠረጴዛ አሥራ ስምንት ዓመት የበላሁበት ነው። አራቱም እግሩ እኩል ነው፤ ከቤቱ ሁሉ ቀጥ ያለ ነገር እሱ ብቻ ነበር። መደቆሻ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ከያዘው እጅ ዝም ብሎ አያመልጥም። ምኑ ነው የላላው? ጣትህ? ክንድህ? ለእኔ አትመልስልኝ። ለእነሱ መልስላቸው።

ቦዲል


ስታዲል፣ ኤፕሪል 9

ቦዲል፣

ይህን በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ጠረጴዛው ደህና ነው።

የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርሽ። የተቀበለችን ሌላ ነርስ ናት፤ ሲስተር ሜረተ ትባላለች። ገና «ኮታችሁን እዚያ ስቀሉ» ስትል በአነጋገሯ ነው ያወቅኳት፤ ከእኛ በላይ ካለው የዓሣ ወደብ ናት። እኔንም ያወቀችኝ መሰለኝ፤ እርስዎ ማለቱን ወዲያው ተወችው።

«ቁጥሩ ይቆየን» አለችኝ። «ባለፈው ሳምንት ምን መሥራት አቃተህ?»

«ምንም። ሁሉንም ሠርቻለሁ።»

ጉንቨር ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይህን ሸሚዝ ማን ቆለፈው?»

«ጉንቨር ናት። ስለምትወድ ነው።»

«አልወድም» አለች ጉንቨር።

«ድንች ማን ይልጣል?»

«እኔ ነበርኩ። አሁን ከነልጣጩ ይሻላል ብለን...»

«ማን ነው ብለን ያለው?» አለች ጉንቨር። «እኔ ከነልጣጩ ጠልቼ ነው የኖርኩት!»

«መኪናውን ማን ነዳ?»

«መንገዱ ቀጥ ያለ ነው» አልኩ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም እኔን ትተው እርስ በርስ ነው ያወሩት።

መጨረሻ ላይ ቁጥሩን ጠየቀችኝ። ስድስት አልኩ። በልቤ አባባን ይቅርታ ጠየቅሁት።

ሐኪሙ ገባ። አንገቴን ወደ ጎን አዘንብሎ አናቴን ጫን አደረገው። ከትከሻዬ እስከ ጣቴ መብረቅ ወረደ። «አመመህ?» ሲለኝ «ትንሽ» አልኩ። ሲስተር ሜረተ እየጻፈች «ትርጉም፦ በጣም» አለች። ቀጥሎ ክርኔን አጥፌ እጁን እንድገፋው አዘዘኝ። ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁት። ትንሽ ቆየና «በል ጀምር» አለኝ።

ቦዲል፣ ጀምሬ ነበር።

ውጤቱ ይህ ነው፦ ጥናቱ አይቀበለኝም። ክንዱ እንዲህ የደከመን ሰው ለኮምፒዩተር ዕጣ መስጠት ነውር ነው አሉ፤ በቀጥታ ቀዶ ሕክምና፣ ኤፕሪል 22። እንግዲህ በፌብሩዋሪ ለጥናቱ ሕመሜ አነሰ፤ በኤፕሪል በዛ። በመሃል የሆነ ማክሰኞ ላይ ልክ የሚፈልጉት በሽተኛ ነበርኩ ማለት ነው። ያን ማክሰኞ ምን ስሠራ እንደዋልኩ አላስታውስም።

ድካሙ መቼ ጀመረ ብሎ ጠየቀኝ። ጃንዋሪ አልኩ። ጉንቨር ዞራ አየችኝ፤ እሷም አታውቅም ነበር። «ፌብሩዋሪ ላይ ብትነግረን ኖሮ...» አለና ሳይጨርሰው ቀረ። ጨዋ ሰው ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን እየጨረስኩለት ነው የምውለው።

ኤስኪል


ኮፐንሃገን፣ ኤፕሪል 12

ወንድሜ፣

በሁለት በር አስወጡህ፤ አንዴ በጠባቡ፣ አንዴ በሰፊው። የምቆጣበትን ሰው ስፈልግ ሁለት ቀን አለፈኝ። ነርሷን ልበል? የጻፈችው ያልካትን ነው። ሐኪሙን? እሱ አንተን ነው ያዳመጠው፤ አንተ እንደሆንክ አልተናገርክም። መጨረሻ ላይ የደረስኩበትን ልንገርህ፤ ለማንም እንዳትናገር። አምና መታጠቢያ ቤት ወድቄ ዳሌዬ ሲሰበር አምቡላንስ የጠራሁት እኔው ነኝ። ምን እንዳልኳቸው ታውቃለህ? «ጊዜ ካላችሁ ብቅ በሉ።» ሥራ ይበዛባቸው ይሆናል ብዬ! አርባ ዓመት ኮፐንሃገን ኖሬ፣ መሬት ላይ ተዘርሬ፣ ጊዜ ካላችሁ! ለአንተ ደግሞ «ትንሽ ተንሸራትቼ ነበር» ብዬ ነው የጻፍኩልህ።

ስለዚህ አንተ ላይ የጮህኩት ሁሉ ግማሹ የእኔ ነው። ግማሹ ግን አሁንም የአንተ ነው።

በ21 እመጣለሁ። ባቡሩ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የቀረኝን ቁጣ እዚያ እጨርሰዋለሁ።

ቦዲል


ስታዲል፣ ጁን 11

እህት ዓለም፣

ከሄድሽ በኋላ ሦስት ነገር ጠይቀሻል፤ በቀኝ እጄ እመልሳለሁ። ፊደሉ ከተንጋደደ ታገሺኝ።

አንገት፦ ሕመሙ ከቀዶ ሕክምናው ስነቃ አልነበረም። አምስት ወር አብሮኝ የኖረ ሰው ሳይሰናበት የሄደ መሰለኝ። አልጋ ላይ ነው የምተኛው። ጉንቨር ስታንኮራፋ እንደነበር ረስቼው ነበር።

እጅ፦ ሸሚዜን እቆልፋለሁ፤ የላይኛዋ ቁልፍ ብቻ ነች ያስቸገረችኝ። ክንዴ ግን ሲገፋ በግማሽ ነው። ስድስት ወር እንጠብቅ፣ እስከዚያ ያልተመለሰ ኃይል አይመለስም አሉ። ለአንድ ሳምንት የተረገጠ ሣር ይነሳል፤ ክረምቱን ሙሉ የተረገጠ መንገድ ይሆናል። ይህን ያሉት እነሱ አይደሉም፣ እኔ ነኝ።

ጣሪያው፦ ላውስ እየከደነው ነው፤ የጎረቤት ወረዳ ክዳን ሠሪ ነው፣ ጎበዝ ነው። አንድ ቀን ሄጄ ከታች ቆምኩ። ሸምበቆዬን በሹካ እያነሳ ሲጥለው አየሁ። የታችኛው ንብርብር ደረቅ ነበር፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ጠብታ አልነካውም። ላውስ ከላይ ሆኖ «ማነው የከደነው?» አለኝ፣ እያወቀ። ቄሱ ሻይ ግባ አሉኝ። አልገባሁም። መኪናዬ ውስጥ ትንሽ ተቀመጥኩ። ትንሽ ያልኩት በእኛ ትርጉም ነው።

አሁን ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ተቆጥቻለሁ። ጉንቨር ትኩሳት መስሏት ለክታኛለች።

የቁስሌን ክር ልታወጣልኝ የመጣችው ሲስተር ሜረተ ነበረች። በስልኩ ጥያቄ ከእኛ ዳርቻ ስንት ሰው ወደቀ ብዬ ጠየቅኋት። ስም አልነገረችኝም፤ ቁጥሩን ነገረችኝ። አርባ አንድ ወንድ አመልክቷል። ሠላሳ ሦስቱ ከአራት በታች ብለው ወጥተዋል። ቦዲል፣ ሠላሳ ሦስት! ጥናቱ አንድ ቀን ያልቃል፤ ለእንዲህ ያለ አንገት ይህ ይሻላል ተብሎ ይጻፋል፤ ወረቀቱም በእኛ ሐኪም ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በውስጡ ግን እኛ የለንም። ስለ እኛ የሚወስነው ሕመማቸውን የሚናገሩ ሰዎች አንገት ነው።

ለፕሮፌሰሩ ጻፍኩ። በሕይወቴ መጀመሪያዬ ነው፤ አጭር ነው፤ ግልባጩ ይኸውልሽ፦ «ክቡር ፕሮፌሰር፣ እኛ ዋሽተናችኋል፤ በዚህ እኛ እናፍራለን። ሠላሳ ሦስት ሰው ተራ በተራ ሲዋሻችሁ አንዱንም ሸሚዝህን ማን ቆለፈልህ አላላችሁም፤ በዚህ ደግሞ እናንተ እፈሩ። ኤስኪል፣ ክዳን ሠሪ።» መልስ አልመጣም። አንቺ ብትሆኚ በቀቀኑን ትጨምሪበት ነበር።

መልስ እስኪመጣ ቁጭ አላልኩም። በመንገዳችን ጫፍ ወተት ላሞች ያለው አክሰል አለ፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣ ሰው ስለሆነ አታውቂውም። ሰሞኑን ትራክተር ላይ ሆኖ ሲያልፍ አየሁት። በአንድ እጁ ይነዳል፤ ሌላው እጁ አናቱ ላይ ነው። በማግስቱ ጉንቨርን መኪና አስነሺ አልኳትና ቤቱ ሄድን። ከሠላሳ ሦስቱ አንዱ እንደሆነ ጠርጥሬ በስልክ ስንት አልካቸው አልኩት። አንድ ብሏል።

«ግባ መኪና ውስጥ።»

«ኧረ ተወኝ ኤስኪል። አንዳንዴ ነው የሚሰማኝ።»

«አንዳንዴ መቼ ነው?»

«ስነቃ። ከዚያ እስክተኛ።»

«ግባ ብዬሃለሁ።»

«ላሞቹስ?»

«ላም ስትታመምብህ ለእንስሳት ሐኪሙ አንድ ነው የምትለው?»

«ላም እኮ አትዋሽም» አለኝ፤ ወዲያው ምን እንዳለ ገብቶት ቆቡን አነሳ።

መንገዱን ሁሉ ስለ ዝናብ አወራን። ሲስተር ሜረተ ከእኛ ዳርቻ የመጣ ሰው ሁሉ በአካል ይታይልኝ ብላ ከአለቆቿ ጋር ተጣልታ አስፈቅዳለች። በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው፤ ሳታውቅ አይመስለኝም። እኔና ጉንቨር ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። ሸሚዙን ጠየቀችው፣ ማለቡን ጠየቀችው፣ እንቅልፉን ጠየቀችው። እያንዳንዱን በሁለት በሁለት ቃል መለሰላት። ከዚያ ቁጥሩን ጠየቀችው።

አጠገባችን የነበሩ ሁለት ሰዎች መጽሔታቸውን አጠፉ። ጉንቨር ክንዴን ያዘችኝ፤ የታመመውን። ተነስቼ ልገባ ስል ድምፁ መጣ።

«ስምንት» አለ አክሰል።

ቀጥሎም ይቅርታ ጠየቃት።

ወንድምሽ ኤስኪል